ፒኤስፒ ደክሞ አይደለም

ወንድሜ፣ «ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ የሚባለው ጌም ፒኤስፒ (በእጅ የሚያዘው የሶኒ ጌም መጫወቻ) ላይ አስማት ሲወረወር የሚንቀራፈፈው፣ መሣሪያው ከድሮው ፕሌይስቴሽን ስለሚያንስ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። እዚህ ኮዬ ፈጬም ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። በፈረንጆቹ 1997 ጌሙ የወጣበት ፕሌይስቴሽን እኮ ፕሮሰሰሩ 34 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ ዋና ሜሞሪው 2 ሜጋባይት ነው። ፒኤስፒ እስከ 333 ሜጋኸርዝ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ሞዴል እንኳ 32 ሜጋባይት አለው። ታዲያ ምኑ ነው የሚያንሰው? ችግሩ በፈረንጆቹ 2007 ጌሙ ለፒኤስፒ ሲታደስ ሶፍትዌሩ ላይ የመጣ ነው፤ ለዚህም ነው ተጫዋቾች ራሳቸው በሠሩት ማስተካከያ እዚያው መሣሪያ ላይ የተስተካከለው። መብራት በጠፋበት ማታ አሮጌዋ ፒኤስፒዬ ላይ ሞከርኩት። ድሮ እሳቱ እስኪወርድ ሻይ ትጠጣለህ፣ አሁን ሳትጎነጭ ያልቃል። ባትሪዋን ግን ተወው።