ዘግይቶ የሚወርድ በረዶ፣ ቀድሞ የሚመጣ በልግ

በየዓመቱ ሚያዝያ ገባ ሲል ከአውሮፓ ወይም ከሰሜን አሜሪካ አንድ ተመሳሳይ ዜና ይሰማል፦ ጸደይ ገብቷል ተብሎ ዛፉ ካበበ፣ ወፉ ከተመለሰ፣ ገበሬውም ማሳውን ካለሰለሰ በኋላ በረዶ ወረደ። ሐዋሳ ላይ ሆኖ ለሚሰማው ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው። እኛ በረዶ የምንለው ከጥቁር ደመና እንደ ጠጠር እየተወረወረ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን፣ ልጆችም በሣህን የሚለቅሙትን ነው። እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ ወርዶ መሬቱን ለቀናት የሚያለብሰውን ለይተን የምንጠራበት ቃል በዕለት ንግግራችን የለንም። ሆኖም በዚያ ዜና ውስጥ ለበልግ አብቃይ አካባቢዎቻችን የሚሆን ትምህርት አለ ብዬ አምናለሁ፤ እስካሁን በሚገባ የተማርነው ግን አይመስለኝም።

በረዶው ላይ ዓይናችንን ስንተክል ከበረዶው በፊት የነበረውን ሙቀት እንዘነጋለን። የፍራፍሬ ዛፍ በክረምት እንቅልፉ ላይ ሳለ ከዜሮ እጅግ የወረደ ቅዝቃዜን ይችላል፤ እምቡጡ ከተከፈተ በኋላ ግን ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ የሆነ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በፈረንሳይ የሆነው ይኸው ነው። በማርች ማብቂያ ላይ በብዙ ቦታ ለወቅቱ ያልተለመደ ሙቀት በመመዝገቡ ወይኑም ፍራፍሬውም ቀድሞ አቆጠቆጠ፤ ኤፕሪል በገባ በሳምንቱ ውርጭ ወረደበት፤ ገበሬዎቹም በወይን ረድፎች መካከል ሻማ እየለኮሱና እሳት እያነደዱ ሌሊቱን በማሳቸው አደሩ። ጉዳዩን ያጠኑ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች በኋላ እንዳሰሉት፣ የዓለም ሙቀት መጨመር በቡቃያ ላይ የሚያርፍ የዚህ ዓይነት ውርጭ የመከሰት ዕድሉን 60 በመቶ ያህል ከፍ አድርጎታል። ምድር በሞቀች ቁጥር የውርጭ ጉዳት ይብሳል መባሉ መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ ቡቃያው ቀድሞ መውጣቱን ሲያስቡት ግን ምስጢሩ ይገለጣል።

በዱር እንስሳቱም ላይ የሚታየው ይኸው የጊዜ መተላለፍ ነው። በክረምት ነጭ፣ በበጋ ቡናማ ጠጉር የምትለብሰው የሰሜኑ ጥንቸል ጠጉሯን የምትቀይረው የቀኑን ርዝመት ተከትላ እንጂ በረዶው መኖር አለመኖሩን አይታ አይደለም፤ ስለዚህ በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥ ነጭ ሆና በቡናማ መሬት ላይ ትጋለጣለች፣ ቡናማ ከለበሰች በኋላ ሲመለስ ደግሞ የዚያው ተቃራኒ ይደርስባታል። ወፎቹ ግን ከእኛ ጋር ዝምድና አላቸው። በየካቲትና በመጋቢት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተደርድረው ከሚታዩት መካከል ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ጀርባዋ ጥቁር ሰማያዊ የሆነች፣ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ብቻ የሆነ ወፍ አለች። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጎብኚው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በአባ ኮዳ ላይ ስለሆነ እሷን ልብ የሚላት ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ አሸን ከመሬት ሲፈላ ከውሃው በላይ እየተወነጨፈች ትለቅማለች፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ትነሣለች። ምግቧ የሚበር ነፍሳት ብቻ ስለሆነ፣ ስትደርስ በረዶ ከጠበቃት የምትበላው የላትም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ከአፍሪካ በመመለስ ላይ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የእሷ ዓይነት ወፎች ግሪክ ሲደርሱ ከሰሜን የመጣ ኃይለኛ ነፋስ አግኝቷቸው በየሰገነቱና በየመንገዱ ሞተው ተገኝተዋል። ከእኛ አገር ስትነሣ እዚያ ምን እንደሚጠብቃት የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ የምታውቀው ለዘመናት ያላሳሳታትን የመነሻ ጊዜ ብቻ ነው።

የእኛም ገበሬ ያለበት ሁኔታ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። በሐዋሳ ዙሪያ ለዘር ወሳኙ የአፈሩ ሙቀት አይደለም፤ በቆሎ ለመብቀል የሚፈልገው 10 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የእኛ አፈር ከዚያ በላይ እንደሞቀ ዓመቱን ይዘልቃል። ወሳኙ ርጥበት ነው። ለእነሱ ሐሰተኛ ጸደይ እንዳለ ሁሉ ለእኛም ሐሰተኛ በልግ አለ፦ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን አጥግቦ ይዘንባል፤ ገበሬው ይዘራል፤ ሰማዩ ለሁለት ሳምንት ይዘጋል።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ አዛውንት ማሳቸውን ሲያሳዩኝ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ጫሩት። ዘሩ እዚያው ነበር። አብጦ፣ ተሰንጥቆ፣ የጥፍር ያህል ሥር አውጥቶ፣ ሥሩ እንደ ትንባሆ ቅጠል ቡናማ ሆኖ ደርቋል። «ባይበቅል ኖሮ ይሻል ነበር፤ ደረቅ ዘር መሬት ውስጥም ቢሆን ይጠብቅሃል፤ የጀመረ ዘር ግን አይመለስም፣ ልጄ» አሉኝ። የፈረንሳዩን ወይን የሚገልጽ ከዚህ የተሻለ አነጋገር እስካሁን አልገጠመኝም።

ቡናውም እንዲሁ ነው። በሲዳማ ከደረቁ ወራት በኋላ የሚዘንበው የመጀመሪያ በቂ ዝናብ የቡናውን እምቡጥ ይቀሰቅሰዋል፤ ከሳምንት በኋላ ግድም ማሳው ነጭ ይሆናል፤ ዝናቡ ከተቋረጠ ግን ገና ያልጠነከረው ፍሬ ይረግፋል። እንሰት ብቻ ነው እንዲህ ባለው ጊዜ ደንገጥ የማይለው። ለዚህም ይመስለኛል የቀደሙት ሰዎች በቆሎውን ከጓሮ አርቀው፣ እንሰቱን ከቤታቸው አስጠግተው የተከሉት።

ሐሰተኛ በልግ እንደ ድርቅ የማይቆጠር መሆኑ ችግሩን ያባብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኤልኒኖ ምክንያት በልጉም ክረምቱም ሲዛባ፣ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥት አስታውቆ ነበር፤ ያ በግልጽ የሚታይ ጥፋት ስለነበረ አገርም ዓለምም አየው። ቀድሞ ዘንቦ፣ ተቋርጦ፣ ኋላ ላይ የተመለሰ በልግ ግን ሲደመር መደበኛ ሊሆን ይችላል። በሪፖርቱ ላይ ዝናቡ በቂ ነበር ተብሎ ይጻፋል፤ የገበሬው ዘር ግን የለም።

ታዲያ ይጠብቃ፣ ለምን ይቸኩላል የሚሉ አሉ። እንዲህ የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ ነው፤ እኔም ደመወዝተኛ ስለሆንኩ ይህን የምለው ራሴን ጨምሬ ነው። ቢኤች 660ን የመሰለ ምርታማ የበቆሎ ዝርያ ለመድረስ ወደ 160 ቀን ይወስዳል፤ ዘግይቶ የተዘራ እንደሆነ ፍሬ በሚይዝበት ሰዓት ክረምቱ ሊወጣ ይችላል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች የዝናብ መግቢያ የሚሉት በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን የሚዘልቅ ደረቅ ጊዜ ሳይኖር ሲቀር ነው። መስፈርቱ ለተመራማሪ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ክፍሉ የሚታወቀው ወሩ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ገበሬው የሚወስነው አፈሩ በራሰበት በዚያው ጠዋት ነው።

ስለዚህ ገበሬውን ትዕግሥት ከመምከር ይልቅ ለስሕተት የሚሆን ቦታ ማዘጋጀት ይሻላል ባይ ነኝ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ብቻ ሳይሆን የየአሥር ቀኑንም የግብርና መረጃ ያወጣል፤ ለዘሪው የሚጠቅመው የኋለኛው ነው፤ ሆኖም መረጃው በሲዳምኛ ሆኖ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም በቀበሌው አፈር ልክ ተርጉሞት፣ ከዘር ቀን በፊት ካልደረሰ የመዝገብ ቤት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ዝርያም አለ፦ ከአዳማ ብዙም በማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ፈጥነው የሚደርሱ የበቆሎ ዝርያዎች፣ እንዲሁም በሦስት ወር ገደማ የሚደርሰው ቦሎቄ፣ ከዚህም ሁሉ በኋላ የመጨረሻ መጠጊያ የሆነው ጤፍ።

የጎደለው ሁለተኛው ዘር ነው። የግብዓት አቅርቦታችን ገበሬው በዓመት አንዴ፣ በአንድ ቀን፣ ሳይሳሳት እንደሚዘራ አድርጎ የተሰላ ነው። ምርጥ ዘሩ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ተራግፎ ይከፋፈላል፤ መጋዘኑም ይጠረጋል። የመጋቢቱ ዘሩ የከሰመበት ሰው ሚያዝያ ላይ ሲመለስ የሚያገኘው ባዶ መጋዘን፣ ወይም በግል ነጋዴ እጅ ዋጋው የናረ ዘር ነው፤ ካልሆነለት ለመብል ካስቀመጠው እህል ቀንሶ ይዘራል። ከሚመጣው ዘር ጥቂቱን፣ በተለይም ፈጥኖ የሚደርሰውን ዓይነት፣ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ ሳይከፋፈል በየማኅበሩ ማቆየት ይቻላል። ዝናቡ ከሠመረ ለቀጣዩ ዓመት ይዞራል፣ ወይም መስኖ ላለው ይሸጣል፤ የማከማቻው ወጪና የሚበላሸው ዘር ኪሳራ መኖሩን አልክድም፤ ክልሉ ያንን ኪሳራ እንዲሸከም ነው የምጠይቀው። አሁን የሚሸከሙት እኚያ አዛውንት ናቸው። ማሳቸውን ካየሁ ከአሥር ቀን በኋላ ዝናቡ ተመለሰ፤ እሳቸውም ከጎረቤት በተበደሩት ቦሎቄ የማሳውን ግማሽ ሸፈኑ፤ ሌላውን ግማሽ ለጤፍ አቆዩት።