የልጆች የፊደል ጌም ከፈለጋችሁ ከአቡጊዳ ጀምሩ

ጎንደር ውስጥ ኮድ ከሚጽፉ ወጣቶች አንድ ሐሳብ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ ለሕፃናት ማንበብ የሚያስተምር ጌም፣ ያውም በብዙ ቋንቋ። ሐሳቡ ደስ ይላል። አሠራሩ ግን ይከነክነኛል። የብዙዎቹ ዕቅድ የእንግሊዝኛውን ጌም ወስዶ በኤ ቢ ሲ ዲ ቦታ ሀ ሁ ሂ ሃን መሰካት ነው። ከዚያ የቋንቋ መምረጫ ይጨመርና "ባለ ብዙ ቋንቋ" ይባላል።

ፊደላችን እንደ ላቲኑ አይደለም። 33 ቤተሰብ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ያውም እንደ ሏ ያሉት ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ይህን ሁሉ ለአምስት ዓመት ልጅ አንድ በአንድ ማስሸምደድ ግፍ ነው። ደግነቱ ሥርዓት አለው። ሁለተኛው ድምፅ፣ ካዕቡ፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ ጎኑ ጭረት ያወጣል፤ አምስተኛው፣ ኃምሱ፣ እግሩ ሥር ቀለበት ያስራል። ልጁ ለ ላይ ጭረቷን ሲጨምር ጌሙ "ሉ" ይበል፤ በ ላይ ሲጨምር "ቡ"። ስድስተኛው፣ ሳድስ፣ አመለኛ ስለሆነ ትንሽ ይቆይ።

የኔታዎች ሌላውንም ችግር ከጥንት ያውቁታል። ልጅ ሀሁን በዜማ ይዞት ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል። መሃል ላይ "ይቺ ማን ናት?" ሲሉት ግን ከመጀመሪያው በልቡ ካልቆጠረ አይመልስም። ለዚህ ነው አቡጊዳ የሚከተለው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ፊደሉም ድምፁም በአንዴ ይዘበራረቃል። ዜማው አያድነውም፤ የግድ ማየት አለበት። ከዚህ የተሻለ የጌም ሁለተኛ ደረጃ እኔ አላየሁም። ጎንደር ተቀምጦ ይህን ትቶ የውጭውን መገልበጥ ይገርመኛል።

የቋንቋው ነገርም በአንድ ቁልፍ የሚያልቅ አይደለም። ትግርኛ በዚሁ ፊደል ይጻፋል፤ ግን እንደ ቐ ያሉትን ይጨምራል። አዊዎች ጋ ጘ አለች። ከሚሴ የኦሮምኛ ተማሪ በላቲን ስለሚጽፍ ሰሌዳው ራሱ ሌላ ነው። እዚሁ ጭልጋ አካባቢ ደግሞ ቅማንትኛ አለ (ፖለቲካውን ለዛሬ እንተወው)። የሚናገሩት በአብዛኛው አዛውንቶች ናቸው፤ ልጆቹ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። እንዲህ ላለ ልጅ የቅማንትኛ ፊደል ማስቆጠር ምን ይፈይዳል? መጀመሪያ ይስማው። አያቶች የእንስሳቱን ስም ይጥሩለት፣ እሱ ሥዕሉን ይንካ።

እንግሊዝኛውስ? ወላጅ ይወደዋል፣ አውቃለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ያለ አስተማሪ መነካካቱን ቶሎ ለመዱት፤ የኤ ቢ ሲ ዘፈንም ዘፈኑ። የተጫነው ትምህርት ግን በቤታቸው በማይነገር ቋንቋ ነበር። ያንን ድካም እኛ የምንደግምበት ምክንያት የለም።

የቋንቋ ምርጫው በጽሑፍ መሆኑም ያስቃል። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ዝርዝር አንብቦ እንዴት ይመርጣል? ድምፅ ሰምቶ ይንካ። ስልኩ ደግሞ የእናቱ ነው፤ ታናሽ እህቱም ትፈልገዋለች። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፣ ቦታ አይብላ፣ ሁለት ልጅ ያጫውት።

ገንዘብ ከተገኘ መጀመሪያ ለድምፅ ቀረጻ ይውጣ፤ አኒሜሽኑ ይደርሳል። አንባቢው ሰው ይሁን። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ማሽን "አለ" የሚለውን ሲያነብ ሰውዬው ተናገረ ማለት ይሁን ቤት ውስጥ ይገኛል ማለት በምን ያውቃል? የሰፈሩ ለዛም ይግባበት፤ የዜና አንባቢ ድምፅ ለአምስት ዓመት ልጅ ምኑም አይደል።

ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት ግን ፊደሎቹን በካርቶን ቆርጣችሁ አዘዞ ወይም ማራኪ ያሉ ልጆች ፊት ዘርግፉት። ሰን ከሸ፣ ነን ከኘ የሚያምታቱት የት ላይ እንደሆነ እነሱው ያሳዩአችኋል። "ሀ" ሲባል ሐን ያነሳ ልጅ ካለ ደግሞ አልተሳሳተም። ጌሙም ቀይ መስቀል አያሳየው።