ቱሉ አልሮጡም

በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ናት። የውጭ ጋዜጦች ግን እስከ ዛሬ «ቱሉ አሸነፈች» ብለው ይጽፋሉ። በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ የጨረሰው አበበ ነው፤ እነሱ ዘንድ ጀግናው «ቢቂላ» ነው። ሁለቱም አባቶች ክብር ይገባቸዋል፣ ግን አልሮጡም። ነገሩ በስፖርት ገጾች ቢቀር ኖሮ በዝምታ ይታለፍ ነበር። ከአገሩ የወጣ ሐበሻ ሁሉ ግን ባንክ ሲገባ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ፣ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ይጠራል። አዲስ የመጣ ሰው የአያቱን ስም ሰምቶ ስለማይነሳ ተራው ያልፈዋል።

ከዚህ የሚብሰው «የቤተሰብ ስም የላችሁም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ ነገር እንደጎደለን ተደርጎ ይጠየቃል። የሚያሳዝነው ከእኛም ወገን «አዎ፣ እኛ ጋ ሥርዓት የለም» ብሎ አንገቱን የሚደፋ መኖሩ ነው። የጎደለን ምንድን ነው? የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ ሲያስፈልግ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሴቷም ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም።

እነሱ እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚያዩት ቋሚ የቤተሰብ ስም በብዙ አገር በአዋጅ የመጣ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ የቤተሰብ ስም ያልነበራቸው ሁሉ እንዲያስመዘግቡ ያስገደደው ናፖሊዮን ነው፣ በ1811። ጃፓን ተራውን ሕዝብ ያስገደደችው በ1875፣ ታይላንድ በ1913፣ ቱርክ በ1934 ነው፤ የአገሪቱ መሪ ሙስጠፋ ከማልም «አታቱርክ» የተባለው በዚያው ዓመት ነው። መንግሥት ግብር ከፋዩንና ወታደሩን በቀላሉ ለይቶ መመዝገብ ፈልጎ ነበር። እኛ ዘንድም ተሞክሯል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ድንጋጌው ወረቀት ላይ ቀረ።

በአባት ስም መጠራት ለዘመናዊ አስተዳደር አይመችም ለሚል ሰው አይስላንድን ማሳየት ይበቃል። በ1980 በምርጫ ፕሬዚዳንት የሆነችው ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር የስሟ ሁለተኛ ክፍል የፊንቦጊ ልጅ መሆኗን ብቻ ይናገራል፤ አገሯ የሚጠራት ቪግዲስ ብሎ ነው። የታተመው የስልክ ማውጫቸው እንኳ ይደረደር የነበረው በራስ ስም ነው። ባንኩም ፍርድ ቤቱም ይሠራል። ለአይስላንዳዊቷ የተፈቀደው ለደራርቱ ለምን ይነፈጋል?

አሁን ወደ ፎርሙ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ፎርም የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የመጨረሻ ስም ይጠይቃል። የራስህን፣ የአባትህንና የአያትህን ስም በቅደም ተከተል ስትሞላ ትክክል የሠራህ ይመስልሃል። ግን መካከለኛ ስም እነሱ ዘንድ ወደ አንድ ፊደል ያጥራል ወይም ጭራሽ ይዘለላል። ስለዚህ የጠፉት አባትህ ናቸው፤ አንተ የአያትህ ልጅ ሆነህ ትቀራለህ። ፓስፖርት ላይ ስም በአንድ ሳጥን ብቻ ተጠቃሎ ሲመጣ ደግሞ ስሙ ሁሉ ወደ ቤተሰብ ስም ይዞርና በራስ ስም ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» ይጻፋል፣ የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። ባለቤቱ ፊታቸው ቆሞ!

ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ ኃይለ፣ ተክለ እያልን የምንጀምራቸው ስሞች ሲነጣጠሉ ጉዳቱ የባሰ ነው። «ገብረ ሥላሴ» ተለያይቶ ሲጻፍ «ገብረ» ለብቻው የራስ ስም፣ «ሥላሴ» መካከለኛ ስም ይሆናል። በላቲን ፊደል ያለ ክፍተት፣ በአንድ ቃል ይጻፍ። ፓስፖርቱ ግርጌ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ቦታ ሲኖራቸው ለስም የተተወው 39 ብቻ ነው። ክፍተት ራሱ አንድ ቦታ ይወስዳል፣ የተረፈው ይቆረጣል። የአውሮፕላን ቲኬት ከዚያ መስመር ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ፀ፣ ጠ፣ ቀና ኃ ያለባቸው ስሞች በላቲን ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አላቸው። ፀሐይን ዲፕሎማው ላይ በአንድ መንገድ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ መንገድ ጽፎ የመጣ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። መጀመሪያ የወጣውን ፓስፖርት አጻጻፍ ይዞ ሌላውን ሁሉ በእሱ ማስተካከል ነው። ካልተቻለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ አስጽፎ ከሰነዶቹ ጋር ማያያዝ ይሻላል።

ትልቁ ጉዳይ የልጆች ስም ነው። ታደሰ ከበደ አየለ የሚባል ሰው ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሰፈረው «አየለ» ነው እንበል። ውጭ አገር ሴት ልጅ ወለደ፤ የሆስፒታሉ ሠራተኛ የአባትየውን የቤተሰብ ስም አይታ «ሐና አየለ» ብላ ጻፈች። አየለ ለሐና ቅድመ አያቷ ናቸው። አገር ቤት «የማን ልጅ ነሽ?» ቢሏት የታደሰ ናት፤ መታወቂያዋ ላይ ግን ታደሰ የለም፣ ከበደም የለም። ወንድሟ ሲያድግና ሲወልድ ልጁ አሁንም «አየለ» ነው። ከአገር ወጥቶ፣ ሌት ተቀን ሠርቶ ያሳደጋቸው ሰው ስም ከገዛ ልጆቹ ላይ ተፋቀ።

ስለዚህ «ሐና ታደሰ» ትባል ባይ ነኝ። ዋጋ አለው፤ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ድንበር ላይ ይቆማሉ። ልጅ ይዞ የሚጓዝ ወላጅ የልደት ምስክር ወረቀቱንና አብሮ ያልሄደው ወላጅ የፈረመበትን የፈቃድ ደብዳቤ በእጁ ይያዝ፤ ይህን የያዘ ሰው ብዙ አይንገላታም። አንዳንድ አገር የወላጆችን ምርጫ ይቀበላል፣ አንዳንዱ የልጁን ስም ከአንዱ ወላጅ የቤተሰብ ስም ጋር ያስራል። ስለዚህ ምጥ ሳይመጣ ለመዝገብ ቤቱ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ልጅ ላይ የተጻፈው ለታናናሾቹም ይሁን፤ አንዱ «አየለ» ሌላው «ታደሰ» ከሆኑ ነገ ወንድማማችነታቸውን በሰነድ ማስረዳት ሊጠበቅባቸው ነው። አንዴ የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ደግሞ በቀላሉ አይታረምም፤ በአንዳንድ ቦታ ፍርድ ቤት ያስኬዳል።