ስልካችሁን ቻርጅ የሚያደርግ ጫማ አትጠብቁ

በየጊዜው አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይዞራል። አንድ ሰው ስስ ፕላስቲክ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ትንንሽ አምፖሎች ብልጭ ይላሉ። ከሥሩ የሚጻፈው ሁሌም ያው ነው፦ «ከእንግዲህ እየተራመዳችሁ ስልካችሁን ቻርጅ ታደርጋላችሁ!» አምፖሎቹ መብራታቸው እውነት ነው። የስልኩ ነገር ግን የሚሆን አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ማጋነኑ ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ፕላስቲክ የምር የሚችለው ነገር በወሬው መሸፈኑ ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። አንዳንድ ቁሶች ሲጫኑ ወይም ሲታጠፉ ገጻቸው ላይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይፈጠራል። ፒዞኤሌክትሪክ ይባላሉ። ፈረንሳዮቹ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒየር ኩሪ ይህን በ1880 በኳርትዝና በሌሎች ክሪስታሎች ላይ አሳዩ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሜዳው የክሪስታልና የሴራሚክ ነበር። እስከ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሴራሚክ ፒዜድቲ ይባላል። ጠንካራ ቻርጅ ይሰጣል፣ ግን ተሰባሪ ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ መርዛማው ብረት እርሳስ ነው። ሰውነት ላይ ለመለጠፍ ወይም ልብስ ውስጥ ለመስፋት አይመችም።

በ1969 ጃፓናዊው ሄይጂ ካዋይ ፒቪዲኤፍ የሚባል ፕላስቲክ ከዚያ በፊት ከታወቁት ፖሊመሮች (ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠሩ ቁሶች) ሁሉ እጅግ የበለጠ ፒዞኤሌክትሪክ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ፕላስቲኩ ግን ዝም ብሎ አይሠራም። በሰንሰለቱ አንድ ጎን ሃይድሮጅን፣ በሌላው ጎን ፍሎሪን አለ። ቀልጦ ሲቀዘቅዝ በራሱ የሚይዘው ቅርጽ ግን የጎኖቹ ኤሌክትሪካዊ ውጤት እርስ በርስ እንዲሰረዝ ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ከዚያ በኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሆኖ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እንዲሰለፉ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ቢታጠፍ፣ ቢጠቀለል፣ በመቀስ ቢቆረጥም ሥራውን አይተውም።

አሁን ወደ ጫማው። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው ኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ ፕላስቲክ ደርበው ጫማ ውስጥ አስገብተው ለኩት። በእርምጃ ያገኙት አማካይ ኃይል 1.3 ሚሊዋት ገደማ ነው። የአንድ ዘመናዊ ስልክ ባትሪ ደግሞ 15 ዋት-ሰዓት አካባቢ ይይዛል። እናካፍለው፦ ከ11,500 ሰዓት በላይ ይመጣል። ሳትተኙ፣ ሳትቀመጡ፣ 480 ቀን መራመድ ማለት ነው። በሁለቱም እግር ቢሆን 240 ቀን። ያውም ስልኩ ጠፍቶ፣ አንዲት ጠብታ ሳይባክን።

ከዚያ ወዲህ ቁሱ አልተሻሻለም ወይ? ተሻሽሏል። ሳይለጠጥ ትክክለኛውን ቅርጽ የሚይዝ ዘመድ ፖሊመር አለ፣ እንደ ጨርቅ በቀጫጭን ክር የሚሠራም አለ። ነገር ግን እዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ መሻሻል ሳይሆን የሺህ እጥፍ ዝላይ ነው። ሌላም አለ፤ ኃይሉ ከሰማይ አይወርድም። ብዙ እንዲሰጥ የተደረገ ጫማ ከእግራችሁ ብዙ ይወስዳል። አሸዋ ላይ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ታዲያ አምፖሎቹ እንዴት በሩ? ተንኮሉ ቮልቱ ላይ ነው። ይህ ፕላስቲክ ሲመታ በቅጽበት በአሥር የሚቆጠር ቮልት ሊያወጣ ይችላል። ኮረንቲው ግን የማይክሮአምፒር ጉዳይ ነው፤ ጊዜውም እፍ እንደማለት ነው። ከቀጭን ቀዳዳ በኃይል የምትረጭ ጠብታ ሩቅ ትደርስ ይሆናል እንጂ ባልዲ አትሞላም። ቪዲዮው ላይ ያለው ዓይነት ትንሽ አምፖል፣ ኤልኢዲ፣ ደግሞ በጣም ጥቂት ኮረንቲ ብልጭ ለማለት ይበቃዋል። እዚህ ላይ የላብራቶሪ ሰዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ብዙ ጽሑፍ ምንም ነገር ሳይገናኝበት የተለካውን ከፍተኛ ቮልት ፊት ለፊት ያስቀምጣል፤ አማካዩን ኃይል ፈልጎ ማግኘት የአንባቢው ዕዳ ይሆናል። ጣትና ፕላስቲክ ሲነካኩና ሲላቀቁ የሚፈጠረው የሰበቃ ኤሌክትሪክም አብሮ ገብቶ ውጤቱን ሊያሳብጠው ይችላል። አማካይ ኃይሉን፣ የተገናኘበትን መሣሪያና ስንት ሺህ ጊዜ ታጥፎ እንደተፈተነ የማይናገር ጽሑፍ ባይታተም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደምወደው ክፍል። ይህን ፕላስቲክ እንደ ጄነሬተር ሳይሆን እንደ ቆዳ እዩት፤ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ለአንድ ዓይነት ግፊትና ውፍረት ከሴራሚኩ አሥር እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ቮልት ይሰጣል። ኃይል ለማመንጨት ሳይሆን ለመስማት የተፈጠረ ነው ማለት ነው። የእጅ አንጓ ላይ ሲለጠፍ የልብ ምት ያነባል። ደረት ላይ በቀበቶ ሲታሰር ትንፋሽ ይቆጥራል፤ የእንቅልፍ ምርመራ ላይ የሚሠራበትም ለዚህ ነው። ጊታር ላይ ተለጥፎ የእንጨቱን ንዝረት ወደ ድምፅ ማጉያ ይወስዳል። አስፋልት ውስጥ ተቀብሮ የሚያልፉ መኪናዎችን ይቆጥራል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የውሃ ውስጥ ጆሮነቱ ነው። ድምፅ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር ሁለቱ በጣም ከተለያዩ አብዛኛው ተመልሶ ይነጥራል። ፒቪዲኤፍ ከሴራሚክ ይልቅ ለውሃና ለሰው ሥጋ የቀረበ ስለሆነ ድምፁ ብዙም ሳይነጥር ይገባል። የሕክምና አልትራሳውንድ መሣሪያዎች የሚያወጡት ድምፅ ልክ መሆኑን ለመፈተሽ የሚያገለግሉት ትንንሽ ሃይድሮፎኖች (የውሃ ውስጥ ማይክሮፎኖች) ብዙ ጊዜ ከዚህ ፕላስቲክ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ይህን የሚያሳይ ቫይራል ቪዲዮ ግን አላየሁም።

ጉድለቱም አይደበቅ። የቆመ ጭነት አይለካም። ዕቃ ብታስቀምጡበት ሲያርፍ ይሰማዋል፣ ከዚያ ቻርጁ ቀስ በቀስ ያልቅና ዕቃው የተነሳ ይመስለዋል። ስለዚህ ሚዛን አይሆንም። ሙቀት ሲለዋወጥም ቻርጅ ያወጣል፤ ገላ ላይ የተለጠፈ ሴንሰር ላብና ንፋስን ከልብ ምት መለየት አለበት። ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ደግሞ ሰልፉ እየተበተነ ይሄዳል። ሞተር አጠገብ አታስቀምጡት።

የኃይል ምንጭነቱ ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የኤምአይቲው ጫማ ስልክ ባይሞላም፣ ጥቂት እርምጃ ካጠራቀመ በኋላ አጭር የመታወቂያ ኮድ በሬዲዮ ይልክ ነበር። ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። የሚንቀጠቀጥ ቧንቧ ላይ ተቀምጦ፣ ኃይሉን በካፓሲተር (ቻርጅ በሚይዝ ትንሽ ማከማቻ) እያጠራቀመ፣ አልፎ አልፎ «ደህና ነኝ» የሚል መሣሪያ። ወይም ከዚያም ያነሰ፦ ሌላው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ንዝረት ሲመጣ የሚቀሰቅስ ዘበኛ። ባትሪውን ባይተካም ዕድሜውን ያረዝመዋል።

አንድ ነገር ይቀራል፣ ፍሎሪኑ። በ2023 መጀመሪያ ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ኖርዌይና ስዊድን ተፈጥሮ ውስጥ ለዘመናት የማይበሰብሱ የፍሎሪን ውህዶችን በጅምላ ለመገደብ ለአውሮፓ ኅብረት ሐሳብ አቅርበዋል። ፒቪዲኤፍም እዚያ ውስጥ ተጠቅሷል። ለአንድ ሳምንት ተለጥፎ የሚጣል የጤና ሴንሰር ከማይጠፋ ፕላስቲክ መሥራት ለእኔም አይዋጥልኝም። ለዚህ ፒኤልኤልኤ የሚባለውን ከእፅዋት ስኳር የሚሠራ ፖሊመር ማየት ይሻላል። ደካማ ነው፣ የሚሰማውም በዋናነት የመሸራተት ዓይነት ጫናን ነው። ግን በሙቀት ለውጥ አይታለልም። ሰውነት ውስጥም ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ሐኪሞች ከዚሁ ቤተሰብ የተሠሩ የአጥንት ብሎኖችን ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ለጥቂት ወራት ግፊት ለክቶ፣ ለማውጣት ሌላ ቀዶ ጥገና የማይፈልግ ሴንሰር ከዚህ ሊሠራ ይችላል። የምርምር ገንዘቡ ከጫማው ይልቅ እዚህ ላይ ቢውል እመርጣለሁ።