ጣራ የሌለው የኢያሱ ግንብ

ጎንደር ፋሲል ግቢ የገባ ሰው የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነው። ትኬቱን ይቆርጣል፣ በቀጥታ ወደ አፄ ፋሲል ግንብ ይሄዳል፣ ማማዎቹን ከጀርባው አድርጎ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ እግር ይዝላል። የቀረውን በሩቁ ገረፍ አድርጎ ይወጣል። እኔም ሁለት ጊዜ እንደዚያው አድርጌ ነው የተመለስኩት።

በሦስተኛው የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። 9 ዓመቱ ነው። ፋሲልን አየት አደረገና ጣራ ወደሌለው ወደ አፄ ኢያሱ ግንብ ሮጠ። «አጎቴ፣ ይሄን ማን ሰበረው?»

አስጎብኚያችን ጎበዝ ነው። በአፄ ፋሲል ግንብ ላይ ብዙ ደክሟል። «ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት» የሚለውን ወሬም በደንብ መለሰ። በኖራ መገንባት በአባታቸው በሱስንዮስ ዘመን የገባ ሙያ ነው፤ ከፖርቹጋል ጋር የመጡትን ኢየሱሳውያን ያባረሩት ደግሞ ፋሲል ራሳቸው ናቸው። እዚህ ስንደርስ ግን «ይሄ የኢያሱ ነው፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሷል» ብሎ ወደ አንበሳ ቤቱ ቀደመን። አልዋሸም። ግማሹን ነው የነገረን።

ቀዳማዊ ኢያሱ፣ በዙፋን ስማቸው አድያም ሰገድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 ነገሡ። ቤተ መንግሥታቸው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ ቅብና በሥዕል ያጌጠ ነበር ይባላል። ከሰሎሞን ቤት ይበልጣል እስከመባል ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1704 መሬት ተንቀጠቀጠና ጎዳው። ከሁለት ዓመት በኋላ ንጉሡም ከዙፋን ወርደው ጣና ላይ ተገደሉ። በቦታቸው የተቀመጠው ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነው። እስከ ዛሬ «ርጉም» የሚባለው በዚህ ነው።

ሌላው ግማሽ የመጣው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ግቢውን የጦር ማዘዣ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጎንደር የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ስትሆን የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቧት። የኢያሱም ግንብ ተመታ።

ይህን ስነግረው ልጁ ግራ ገባው። «እንግሊዞች ከኛ ጋር ነበሩ አላልክም?» አዎ፣ ከኛ ጋር ነበሩ። ቦምቡም የነሱ ነው።

አስጎብኚዎች ይህን የሚዘሉት ስለማያውቁት አይመስለኝም። አይመችም። አያኮራም፤ ጠላት ላይ ጥሎ መገላገልም አይቻልም። ልጅ አባቱን ወርሶ፣ ወዳጅ ቤት አፍርሶ፣ እንዴት አድርገህ በአምስት ደቂቃ ለቱሪስት ታወራዋለህ? መንቀጥቀጥ ይሻላል። መንቀጥቀጥ ማንንም አያስቀይም።

ስለ ግቢው እድሳት ሲወራ «ይሄም እንደ ድሮው ይሠራ» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። እኔ አልስማማም። በቁም ያሉት ግንቦች ይጠገኑ፤ በኖራ እንጂ በሲሚንቶ ግን አይሁን። ጣሊያን በሲሚንቶ የለጣጠፈውን ለማስተካከል በኋላ ምን ያህል እንደተለፋ ይታወቃል። የኢያሱ ግንብ ግን የቆመው ግድግዳ እንዳይወድቅ ይደገፍ፣ ሣሩ ይነቀል፣ ከዚያ በላይ አይነካ። አዲስ ጣራ ከደፋንበት የልጁ ጥያቄም አብሮ ይከደናል።

ግድግዳው ላይ ከታች ጀምሮ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ የወለሉ ወራጅ እንጨት የገባባቸው ናቸው። ልጁ አንዱ ውስጥ እጁን እስከ ክንዱ ከተተ። «ወለሉ እዚህ ጋ ነበር ማለት ነው» አለና ቀና ብሎ ቀጣዩን ረድፍ ፈለገ። ከላይ ሰማይ ነው ያለው። እንዲህ ዓይነት ትምህርት በፋሲል ግንብ ውስጥ አላገኘም፤ እዚያ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነው።

የሚያስፈልገው አንድ ሰሌዳ ነው። በአማርኛም ይጻፍ፤ መንቀጥቀጡም ቦምቡም ከነዓመታቸው ይስፈሩበት። እስከዚያው ጎንደር የምትሄዱ፣ አስጎብኚው ወደ አንበሳ ቤቱ ሲያመራ ያዝ አድርጉትና ማን እንደሰበረው ጠይቁት።