ከ1.6 ሊትር 300 ፈረስ፦ ብልሃት ነው ወይስ ሞተር መግደል?

ቢንያም፦ ጋሽ ታደሰ ሁሌም ትንሽ ሞተር ስትጨምቀው ይሞትብሃል ይላሉ፣ እኔ ግን አልስማማም። የቶዮታን ጂአር ኮሮላ እንይ፣ 3 ሲሊንደር ብቻ፣ 1.6 ሊትር፣ 300 ፈረስ ጉልበት። እርስዎ የሚምሉበት የላንድክሩዘሩ ናፍጣ ሞተር 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር ሆኖ 130 አካባቢ ነው እኮ! ነገሩ የሲሲው (የሞተሩ መጠን) ብዛት ላይ አይደለም፣ ሞተር የሚያቃጥለው አየር ነው፣ ቱርቦው በጭስ እየተሽከረከረ ብዙ አየር ከጠቀጠቀለት ትንሹም እንደ ትልቅ ይሰራል።

ታደሰ፦ ልጄ ናፍጣና ቤንዚን እያወዳደርክ ነው መጀመሪያ። ሁለተኛ 1ኤችዜድ ፈረሱ ያንሳል እንጂ ከታች በደቂቃ በ2200 ዙር ቶርኩን (የማዞር ኃይሉን) ይሰጥሃል፣ ሃያ ሰላሳ ዓመት ገጠር ለገጠር ሲለፋ አይቻለሁ ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ሳይነሳ። ያንተ 3 ሲሊንደር ሰላሳ ዓመት ይቆይና እናወራለን።

ቢንያም፦ ቶርክ ካሉማ የ1ኤችዜድ 285 ኒውተን ሜትር፣ የኮሮላው መጀመሪያ ሲወጣ 370፣ እሱም ከ3000 ዙር ጀምሮ። ደግሞ ፋብሪካው ዝም ብሎ ቡስት (የቱርቦውን የአየር ግፊት) አልጨመረም፣ ፒስተኑን ከስር በዘይት እየረጨ ያቀዘቅዛል፣ የቱርቦው ኩሽኔታ የኳስ ነው፣ ቤንዚኑም በሁለት መንገድ ይገባል። ሌላ ደግሞ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ጠረፍ ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ጉልበቱን ጥሎ ነው እንጦጦን የሚወጣው። ቱርቦ ለኛ ቅንጦት አይደለም።

ታደሰ፦ እንጦጦ ላይስ እውነትህን ነው፣ አልክድም። ግን ያንን የሳሳ አየር ለመሙላት ቱርቦው የበለጠ መሽከርከር አለበት፣ አየሩ ይግላል፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ካልቻለ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ቤንዚኑ ያለ ሥርዓቱ እየፈነዳ ማለት ነው። እኔ ከፋብሪካው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ላፕቶፕ ይዘው የሞተር ኮምፒውተር ቅንብር እየቀየሩ ከሚዞሩት ልጆች ጋር ነው፣ ለ140 ፈረስ የተሰራ 1.4 ሞተር ላይ ቡስት ጨምረው 200 አደረስነው የሚሉት። አንድ ደንበኛዬ እንደዛ አስደርጎ አምስት ወር ሳይሞላው ጭስ በጭስ ሆኖ መጣ፣ ስንፈታው የፒስተኑ የፋሻ መቀመጫ ተሰብሯል፣ ቤላው (የፒስተኑ ክንድ) ደህና፣ ቱርቦው ደህና፣ እዛች ጋ ብቻ። ማንኳኳት የሚመታው እዛ ነው። እናንተ የምትጠቅሷት የቢኤምደብሊው የፎርሙላ ዋን ሞተርም እኮ...

ቢንያም፦ እሷን ልጠቅስ ነበር! 1.5 ሊትር፣ 4 ሲሊንደር፣ ብሎኩ ከተራ የመንገድ መኪና የተወሰደ፣ ሹፌሩ ኔልሰን ፒኬ በ1983 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ሻምፒዮን ሆነባት፣ በኋላ ለማጣሪያ (የመነሻ ቦታ ለሚለይበት ሩጫ) ከ1300 ፈረስ በላይ ታወጣ ነበር ይባላል።

ታደሰ፦ እና የማጣሪያው ሞተር ሜዳውን ስንት ዙር ይሮጥ ነበር? ጥቂት ዙር ሮጦ ይወረወራል! በማግስቱ ለውድድሩ ሌላ፣ ቡስቱ በጣም የወረደ ይገጠማል። አንተ ለማግስቱ ሌላ ሞተር አለህ?

ቢንያም፦ እሺ ይሄ መታኝ። ግን መካከለኛ የለም ወይ፣ ኢንተርኩለር ቀይሬ፣ ሙቀት ቶሎ የሚያስወጣ 'ቀዝቃዛ' ካንዴላ ገጥሜ፣ ሃያ ሰላሳ ፈረስ ብቻ ብጨምር? ፋብሪካውም እኮ ለደህንነት ትርፍ ይተዋል።

ታደሰ፦ ትርፉን የተወልህ ለሙቀት፣ ለመጥፎ ቤንዚንና ለዳገት ነው፣ አንተ ሦስቱም አሉብህ። ላፕቶፑ ከመምጣቱ በፊት ቅዳሜ መኪናውን አምጣት፣ ካንዴላዎቹን ፈትተን እንያቸው፣ የማንኳኳት ምልክት ካለ እዛ ላይ ሊታይ ይችላል።

ቢንያም፦ አመጣታለሁ። ካንዴላዎቹ ንጹህ ከሆኑ ግን እጨምራለሁ።