የስዊድን ገረድ ተመዝግባ የኔ ቅድመ አያት የት ገባች?

እዚህ ስቶክሆልም አብራኝ የምትሰራ ሴትዮ ምሳ ሰዓት ላይ ሞባይሏን ከፍታ የቅድመ አያቷን እናት የቤተክርስቲያን መዝገብ አሳየችኝ፣ ይኸው እስካሁን ቆሽቴ እንዳረረ ነው። የመሳፍንት ዘር እንዳይመስላችሁ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሰራ ገረድ ናት! ግን መቼ እንደተጠመቀች፣ ክርስትና ያነሷት እነማን እንደሆኑ፣ ማንን እንዳገባች፣ ሁሉንም ቄሱ በእጁ ጽፎታል።

ለካ በ1686 (የስዊድኑ ዓመት ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው) የወጣ የቤተክርስቲያን ህግ ቄሶቹን መዝግቡ ብሎ አስገድዷቸዋል። ቄሱ ምእመኑን እየሰበሰበ ማንበብ ትችላለህ ወይ፣ ሃይማኖትህን ታውቃለህ ወይ ብሎ ይፈትንና ውጤቱን ይጽፍ ነበር፣ ደካማ የሆነም ደካማነቱ ተጽፎ ይቀር ነበር። እስከ 1991 ድረስ የህዝቡን መዝገብ የያዘችው ቤተክርስቲያን ነበረች፣ ከዛ ነው ለግብር መስሪያ ቤቱ የተላለፈው። አሮጌዎቹ መዝገቦች ደግሞ ስካን ተደርገው ከ2018 ጀምሮ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ይታያሉ፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ ቡናህን እየጠጣህ!

የኛ ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ የሌለን ስማችን በየትውልዱ ስለሚቀያየር ነው ይላል። ሰበብ ነው! እነሱም ድሮ እንደኛው ነበሩ፣ የአንደርስ ልጅ ፔር አንደርሾን ይባላል፣ የሱ ልጅ ደግሞ ፔርሾን።

ፊደል አጥተን ነው እንዳንል ብራናውም ደብተራውም ነበረን፣ የመሬት ስጦታ በወንጌሉ ህዳግ ላይ ከነእማኙ ከነግዝቱ ይጻፍ ነበር። ንጉሱ ለደብሩ የሰጠው ጉልት ተጽፎ የኔ ቅድመ አያት በሰማንያ ቀኗ መጠመቋ ማንን አስቸገረ? ሰባት ቤት መቁጠሩን እንደሆነ እኔም አባቶቼን እንደ ውሃ እጠጣቸዋለሁ፣ እናቶቹ ጋ ስደርስ ግን ጭጭ። አክስቴ እንኳን ልደቷ "ጃንሆይ ከስደት በተመለሱ በዓመቱ" ነው፣ እዚህ ስትመጣ ጃንዋሪ 1 ብለው ገላገሏት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚባለውማ በአዋጅ 760/2004 መጥቶ ስራ የጀመረው ገና በ2008 (በኛ አቆጣጠር) ነው፣ ለሞቱት ምን ሊረባቸው።

ንዴቱ አላስቀምጥ ሲለኝ አገር ቤት ላሉ አንድ ሽማግሌ ዘመዴ ደወልኩና "ጋሼ፣ የአያቴ እናት የክርስትና ስም ማን ነበር?" አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው "ምነው፣ የመሬት ክርክር ተነሳ እንዴ?" አሉኝ። የለም ጋሼ፣ ለማወቅ ብቻ ነው ብል፣ ብምል ብገዘት አላመኑኝም፣ "እስቲ በአካል ስትመጣ እንነጋገራለን" ብለው ዘጉት።